እመጫት አሳማና ማደሪያዋ

ለዛሬ ይዘንላችሁ የቀረብነው ርእስ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ ስለ እመጫት አሳማ ነው። "ደሞ የአሳማ ነገር ለእኛ ምን ያደርግልናል?" የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ርእሱን የመረጥነው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። ቤተሰቦቻቸው አሳማ የሚያረቡ ተማሪዎች በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። ጥያቄው እንዲህ የሚል ነው፦ "አሳማችን አሥር ወለደች፤ በሳምንቱ የቀሩት አራት ናቸው። ሌሎቹን ራሷ ተኝታባቸው ገደለቻቸው። እናት ሆና እንዴት በልጆቿ ትጨክናለች?"

ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ስድስት ግልገል የሞተበት ቤተሰብ ያጣው የልጆቹን ደብተር፣ የደንብ ልብስና የፈተና ክፍያ ነው። እንስሳዋም ብትሆን የምትሰቃየው በከንቱ ነው። ጉዳዩን አንብበንና ከአርቢዎች ጋር ተነጋግረን እንደተረዳነው ከሆነ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የእናቲቱ ጭካኔ አይደለም። የማደሪያዋ ጉዳይ ነው። አበው "ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል" ይሉ የለ? ነገሩ እሱ ነው።

እኛ ያለንበት የጁባው ኮሎሎ ኤምባሲዎችና የውጭ ድርጅቶች ያሉበት ሰፈር ነው። ከከተማው ወጣ ሲባል ግን፣ ወገኖቻችን ወደሚኖሩበት ወደ ጎሮም የስደተኞች ጣቢያ በሚወስደው አቅጣጫም ሆነ በሌሎች መንደሮች፣ ከጎጆ አጠገብ በገመድ የታሰረች ወይም በየመንገዱ ቆሻሻ የምትፈነቅል አሳማ ማየት አዲስ ነገር አይደለም። በአገራችን አብዛኞቻችን፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ የአሳማ ሥጋ አንበላም። በቢሾፍቱና በአዲስ አበባ ዙሪያ ከሚገኙ ጥቂት አርቢዎች በስተቀር እንስሳዋን በቅርብ የሚያውቃት የለም። በደቡብ ሱዳንና በጎረቤት ኡጋንዳ ግን አሳማ የድሃ ቤተሰብ ባንክ ናት። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ማንንም "ብላ" ወይም "አርባ" ለማለት አልተጻፈም። የጎረቤታችንን ኑሮ ለማወቅ፣ አካባቢ የእንስሳን ጠባይ እንዴት እንደሚለውጥ ለመማር፣ እንዲሁም በኋላ እንደምናየው የራሳችንን ጤና ለመጠበቅ ይረዳናል ብለን ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውሳለን።

1. አሳማ ነፃ ብትሆን እንዴት ትወልድ ነበር?

የአንድን እንስሳ ጠባይ ለመረዳት መጀመሪያ በተፈጥሮው ምን እንደሚያደርግ ማየት ያስፈልጋል። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሌክስ ስቶልባና ዴቪድ ዉድ ጉሽ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በስኮትላንድ፣ ኤዲንብራ አጠገብ አንድ ሙከራ አደረጉ። በእርባታ ጣቢያ ያደጉ ተራ አሳማዎችን ወስደው ዛፍ፣ ሣርና ረግረግ ባለበት ሰፊ አጥር ውስጥ ለቀቋቸው። ብዙዎች "እነዚህ የቤት እንስሳት ናቸው፤ የዱር ጠባያቸውን ረስተውታል" ብለው ያስቡ ነበር። የታየው ግን ተቃራኒው ነው። አሳማዎቹ ብዙም ሳይቆዩ እንደ ዱር ዘመዶቻቸው መኖር ጀመሩ። በቡድን ይሄዳሉ፤ አፈር በአፍንጫቸው እየቆፈሩ ይመገባሉ፤ ከሚተኙበት ቦታ ራቅ ብለው ይጸዳዳሉ።

ከሁሉም የሚያስገርመው የመውለጃቸው ነገር ነው። አሳማ የምታረግዘው ለ114 ቀን ያህል ነው። (ተማሪዎች በቀላሉ እንድትይዙት፦ 3 ወር ከ3 ሳምንት ከ3 ቀን።) የመውለጃዋ ጊዜ ሲደርስ፣ አንድ ቀን ያህል ሲቀራት፣ ከቡድኗ ትለያለች። ፔር የንሰን የተባሉ የስዊድን ተመራማሪ በ1980ዎቹ እንዳስተዋሉት፣ ቦታ ፍለጋ ኪሎ ሜትሮች የምትሄድም አለች። ከለላ ያለው ቦታ ስታገኝ መሬቱን በአፍንጫዋና በእግሯ ትቆፍራለች፤ ከዚያ ሣርና ቅጠል፣ ቀንበጥም ጭምር በአፏ እየተሸከመች ታመጣና ጎጆ ትሠራለች። አዎ፣ እንደ ወፍ! ከዚያ ውስጡ ገብታ ትወልዳለች። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ከግልገሎቿ ብዙም አትርቅም። ከሳምንት ወይም ከአሥር ቀን በኋላ ግልገሎቿን አስከትላ ወደ ቡድኗ ትመለሳለች። ጡት የምታስጥላቸውም ቀስ በቀስ ነው፤ ወደ 3 እና 4 ወር ይጠጋል።

በአገራችን ባሌ ዲንሾ ወይም አዋሽ ፓርክ የሄደ ሰው ከርከሮ አይቶ ይሆናል። ከርከሮም የአሳማ ዘመድ ነው። ሴቷ የምትወልደው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ብዙ ጊዜም አዋልደጌሳ ቆፍሮ በተወው ጉድጓድ ትጠቀማለች። ግልገሎቹ የመጀመሪያ ጊዜያቸውን በዚያ ተከልለው ያሳልፋሉ። ይህ ሁሉ የሚያሳየው፣ በዚህ የእንስሳት ቤተሰብ ውስጥ ለመውለድ ከለላ መፈለግ ቅብጠት አለመሆኑን ነው። በደም ያለ ነገር ነው።

"በደም ያለ" ስንል ዝም ብሎ አባባል አይደለም። ከመውለዷ በፊት ፕሮላክቲን የሚባለውን ጨምሮ በደሟ ውስጥ ያሉ ሆርሞኖች ይለዋወጣሉ። ጎጆ ሥሪ የሚላትም ይኸው ለውጥ ነው። ስለዚህ በሲሚንቶ ወለል ላይ ተወልዳ ያደገች፣ ሣር በዓይኗ አይታ የማታውቅ አሳማ እንኳ ልትወልድ ስትል ባዶውን ሲሚንቶ በእግሯ ትጭራለች። የምትሰበስበው ባይኖርም ለመሰብሰብ ትሞክራለች።

2. የጠባቡ ብረት ጋጣ ታሪክ

አሁን ወደ ትላልቆቹ የእርባታ ድርጅቶች እንምጣ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በአውሮፓና በአሜሪካ የአሳማ እርባታ ወደ ፋብሪካነት ሲለወጥ፣ እመጫት አሳማን በብረት ፍርግርግ ውስጥ ማስገባት ተለመደ። ፍርግርጉ ወርዱ 60 ሴ.ሜ፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ያህል ነው። ከ200 ኪ.ግ በላይ ልትመዝን የምትችል እንስሳ በዚህ ውስጥ መቆምና መተኛት ትችላለች። መዞር ግን አትችልም። ከመውለዷ በፊት ካሉት ቀናት ጀምሮ ግልገሎቹ ጡት እስኪጥሉ፣ ማለትም ለአራት ወይም ለአምስት ሳምንት ያህል እዚያው ትቆያለች። በዚህ ዓይነት እርባታ ግልገሎቹ ጡት የሚጥሉት በ3 ወይም በ4 ሳምንታቸው ነው።

ይህን የሠሩ ሰዎች ክፉ ስለሆኑ ነው ለማለት አንፈልግም። ምክንያት ነበራቸው። አንደኛ፣ እናቲቱ እንደ ልቧ ስለማትገላበጥ በግልገሎቿ ላይ የመተኛቷ ዕድል ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ በትንሽ ቦታ ብዙ እንስሳት መያዝ ይቻላል። ሦስተኛ፣ ሠራተኛው ሳይፈራ ግልገሎቹን ያነሳል፤ እንደ አራስ ነብር የምትሆን አሳማ መኖሯ እውነት ነውና።

ዋጋው ግን ከባድ ሆነ። ጎጆ ለመሥራት ተፈጥሮዋ የሚገፋት እናት መንቀሳቀስ ሲያቅታት ብረቱን ታኝካለች፤ ትቆማለች፣ ትተኛለች፣ እንደ ውሻ ቁጢጥ ትላለች፤ እንደገና ትነሳለች። የጭንቀት ሆርሞኗ ከፍ ይላል። ጭንቀት ደግሞ ኦክሲቶሲን የተባለውን ሆርሞን ያውካል። ኦክሲቶሲን ምጥን የሚያፋጥንና ወተትን የሚያወርድ ሆርሞን ስለሆነ፣ ምጧ ሊረዝም ይችላል። ምጥ ሲረዝም የመጨረሻዎቹ ግልገሎች ታፍነው የመሞት አደጋ ላይ ይወድቃሉ። ብረቱ ከአንድ ወገን የሚያድነውን ከሌላ ወገን ይወስዳል ማለት ነው።

በ1964 ሩት ሃሪሰን የተባሉ እንግሊዛዊት ስለ ፋብሪካ እርባታ መጽሐፍ ጽፈው ሕዝቡን አስቆጡ። መንግሥት በፕሮፌሰር ብራምቤል የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው በ1965 ባወጣው ሪፖርት፣ ማንኛውም የሚረባ እንስሳ ቢያንስ መቆም፣ መተኛት፣ መዞር፣ ሰውነቱን ማጽዳትና እግሩን መዘርጋት መቻል አለበት አለ። በኋላ "አምስቱ ነፃነቶች" ተብለው በዓለም ዙሪያ የታወቁት መርሆዎች መነሻቸው ይኸው ነው። እነሱም፦ ከረሃብና ከጥማት፣ ከምቾት ማጣት፣ ከሕመምና ከጉዳት፣ ከፍርሃትና ከጭንቀት ነፃ መሆን፣ እንዲሁም የተፈጥሮ ጠባይን ለመግለጽ ነፃ መሆን ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ሕጎች መለወጥ ጀመሩ። ስዊድን በ1988 ባወጣችው የእንስሳት ጥበቃ ሕግ እመጫቶችን በብረት ማሰር እንዲቀር አደረገች። ኖርዌይና ስዊዘርላንድም ተከተሉ። ብሪታንያ በ1999 እርጉዝ አሳማን በጠባብ ጋጣ ማቆየትን ከለከለች፤ ለእመጫቷ የሚሆነው ፍርግርግ ግን በዚያ ሕግ አልተከለከለም። የአውሮፓ ኅብረት ከጥር 2013 ጀምሮ እርጉዝ አሳማዎች አብዛኛውን የእርግዝና ጊዜያቸውን በቡድን እንዲኖሩ አስገድዷል። እዚያም ቢሆን የመውለጃው ፍርግርግ አልቀረም። ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ የአውሮፓ ዜጎች ፊርማ አሰባስበው ፍርግርግ ይቅር ሲሉ፣ የኅብረቱ ኮሚሽን በ2021 "እስከ 2023 መጨረሻ ረቂቅ ሕግ አቀርባለሁ" ብሎ ቃል ገባ። ቀኑ ግን ረቂቁ ሳይቀርብ አለፈ። ጀርመን በበኩሏ በ2021 ደንቧን አሻሽላ፣ እመጫቷ ቢያንስ 6.5 ካሬ ሜትር እንዲኖራት፣ በወሊድ ሰሞንም ከ5 ቀን በላይ እንዳትታሰር ወስናለች፤ ለአርቢዎች የመሸጋገሪያ ጊዜ ስለተሰጠ በሁሉም ቦታ እስኪተገበር ዓመታት ይወስዳል።

3. ታዲያ ግልገሎቹን የሚገድላቸው ምንድነው?

አሁን ወደ ተማሪዎቻችን ጥያቄ እንመለስ። ግልገል ሲወለድ ክብደቱ ከ1 እስከ 1.5 ኪ.ግ ያህል ነው። እናቱ የእሱን ከመቶ እጥፍ በላይ ትመዝናለች። ጸጉሩ ስስ ነው፤ ሰውነቱን የሚያሞቅበት ስብም የለውም ማለት ይቻላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚስማማው ሙቀት ከ30 ዲግሪ በላይ ነው። ለእናቱ የሚስማማት ግን 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንግዲህ አስቡት! በአንድ ክፍል ውስጥ አንዱ ሙቀት ይፈልጋል፣ ሌላዋ ቅዝቃዜ ትፈልጋለች።

ግልገሉ ሲበርደው ምን ያደርጋል? ሙቀት ያለበት ቦታ ይሄዳል። ሙቀት ያለው የእናቱ ሰውነት ላይ ነው። ሲርበውም የሚሄደው ወደ እሷ ነው። የበረደውና የራበው ግልገል ደግሞ ይደክማል፤ እናቱ ልትተኛ ስትል ፈጥኖ መሸሽ አይችልም። ስለዚህ "ተኝታበት ሞተ" የምንለው ግልገል ብዙ ጊዜ ቀድሞ በብርድና በረሃብ የተዳከመ ነው። እሷ የመጨረሻዋ ምክንያት ናት እንጂ የመጀመሪያዋ አይደለችም። አብዛኛው እንዲህ ያለ ሞት የሚደርሰውም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ነው።

ሌላም አለ። አሳማ ቦታ ስታገኝ በጥንቃቄ ነው የምትተኛው። መሬቱን ታሸታለች፤ እየጮኸች ግልገሎቹን ትቀሰቅሳለች፤ ግድግዳ ተደግፋ ቀስ ብላ ትንሸራተታለች። የምትደገፈው ሲጠፋ፣ ወለሉ ሲያዳልጣት፣ ወይም በሙቀትና በሰው ግርግር ስትረበሽ ግን እንደ ወደቀ ግንድ ዱብ ትላለች። ደጋግማ ስትነሳና ስትተኛ ደግሞ አደጋው በዚያው ልክ ይደጋገማል።

የማጥባቷ ነገርም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። አሳማ እንደ ላም ወተቷ በፈለጉት ጊዜ አይወርድም። በየ40 ደቂቃው ወይም በየሰዓቱ በተለየ ድምፅ ትጠራቸዋለች። ግልገሎቹ እያንዳንዳቸው በለመዱት ጡት ይሰለፋሉ፤ ጡቱን በአፍንጫቸው ያሻሉ፤ ድምፅዋ ይፈጥናል፤ ከዚያ ወተቱ የሚወርደው ለ20 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው! በዚያች 20 ሰከንድ ጡቱን ያላገኘ ግልገል እስከሚቀጥለው ጥሪ ይጠብቃል። ስለዚህ ግርግር በሚበዛበት፣ ውሻ በሚጮህበት፣ ልጆች ድንጋይ በሚወረውሩበት ቦታ የታሰረች እናት ማጥባቷን ስታቋርጥ ግልገሎቹ ይራባሉ። ሲራቡ ይደክማሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ከላይ ተናግረናል።

በአንድ ድንኳን ስምንት ሆነን ያደርን ሰዎች ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም። ቤት ጠባይን ይለውጣል።

4. በእኛ አካባቢ ያለው ችግር፦ ገመድና ልቅ መልቀቅ

እዚህ የብረት ፍርግርግ የለም። ያለው ወይ ገመድ ነው፣ ወይ ደግሞ ጭራሽ መልቀቅ ነው።

ገመዱን እንይ። በእግሯ ወይም በአንገቷ የታሰረች እመጫት መዞር ትችል ይሆናል፤ ጥላ ፍለጋ መሄድ ግን አትችልም። አሳማ ደግሞ እንደ ሰው በላብ ራሷን አታቀዘቅዝም፤ የምትቀዘቅዘው በጭቃና በውሃ ነው። በጁባ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ ቀን ከ35 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ከ25 ዲግሪ በላይ ሲሆን እመጫት አሳማ ምግብ መቀነስ ትጀምራለች፤ ምግብ ሲቀንስ ወተት ይቀንሳል። ገመዱም ቆዳዋን ይቆርጣል፤ ግልገሎች ሊጠላለፉበት ይችላሉ። ጎጆ ለመሥራት በምትፈልግበት ቀን በገመዱ ዙሪያ ስትሽከረከር ማየት በእውነት ያሳዝናል።

ልቅ መልቀቅስ? አሳማዋ ደስ ይላት ይሆናል። ዳሩ ግን ይህ የሰውን ሕይወት የሚነካ ችግር አለው። ሜዳ ላይ የተጸዳዳ ሰው የአሳማ ኮሶ ካለበት፣ አሳማዋ ዓይነ ምድሩን ስትበላ የትሉ ዕጭ ሥጋዋ ውስጥ ይቀመጣል። ሥጋውን በደንብ ሳያበስል የበላ ሰው ትሉ ይይዘዋል። ከዚያ ሰው ዓይነ ምድር የሚወጣው እንቁላል ደግሞ በእጅ፣ በውሃ ወይም ባልታጠበ አትክልት ወደ ሌላ ሰው አፍ ይገባል፤ ዕጩ አንጎል ውስጥ ሲቀመጥም የሚጥል በሽታ ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሽታው በተስፋፋባቸው ብዙ አካባቢዎች ካለው የሚጥል በሽታ 30 በመቶው የሚመጣው ከዚህ ነው። ልብ በሉ፦ እንቁላሉ የሚመጣው ከሰው ስለሆነ፣ የአሳማ ሥጋ በአፉ ያላስገባ ሰውም ሊያዝ ይችላል። "እኛ አንበላም፣ አይመለከተንም" የማንለው ለዚህ ነው። መፍትሔው በሽንት ቤት መጠቀም፣ እጅ መታጠብና አሳማን በማደሪያ መያዝ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ተማሪ ካለም እርግማን ነው እያሉ ከማግለል ይልቅ ወደ ክሊኒክ መውሰድ ይገባል።

በተጨማሪም በምሥራቅ አፍሪካ የቆየ የአፍሪካ አሳማ ትኩሳት የሚባል በሽታ አለ። በሳይንስ መጀመሪያ የተመዘገበው በ1921 በኬንያ ነው። ሰውን አይዝም። የያዛትን አሳማ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል፤ መድኃኒትም የለውም። የሚተላለፈው በንክኪ፣ በሥጋ ትርፍራፊና በመዥገር ስለሆነ ከመንደር መንደር የምትዞር አሳማ ይዛው ትመጣለች።

5. በአካባቢ ዕቃ የሚሠራ ማደሪያ

እንግዲህ ገመድም ጠባብ ብረትም ልቅ መልቀቅም ካልሆነ ምን ይሻላል? አንድ ወይም ሁለት እመጫት ላለው ቤተሰብ መልሱ እምብዛም አይከብድም። ብረት አይጠይቅም። እንጨት፣ ቀርከሃ፣ ጭቃና ሣር ይበቃሉ።

ሀ) ስፋት። ቢያንስ 2 ሜትር በ3 ሜትር፣ ማለትም 6 ካሬ ሜትር። በስዊድን ሕግ ዝቅተኛው ይኸው ነው። ቦታ ካለ ቢሰፋ ይመረጣል።

ለ) ጣሪያ። በዚህ ሙቀት የሣር ክዳን ከቆርቆሮ ይሻላል። ቤቱ በቁመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቢሆን የጠዋትና የማታ ፀሐይ በጎን አይገባም። ግድግዳው ከላይ ክፍት ሆኖ አየር ያስገባ፤ ከታች ግን ግማሽ ሜትር ያህል በጭቃ ይመረግ። አለዚያ በዝናብ ወራት ሌሊት ነፋሱ ግልገሎቹን ይመታል።

ሐ) መከላከያ እንጨት። ይቺ ቀላል ነገር ብዙ ግልገል ታድናለች። በግድግዳው ዙሪያ፣ ከወለሉ ከ20 እስከ 25 ሴ.ሜ ከፍ ብሎ፣ ከግድግዳውም በዚያው ልክ የራቀ ጠንካራ አግዳሚ እንጨት ይታሰራል። እናቲቱ ተደግፋ ስትተኛ በእንጨቱና በግድግዳው መካከል ግልገሉ የሚያመልጥበት ክፍተት ይኖራል።

መ) የግልገሎች ጥግ። በአንዱ ማዕዘን ግልገል ብቻ የሚያስገባ ጠባብ በር ያለው ትንሽ ክፍል ይከለላል። ውስጡ ደረቅ ሣርና ጆንያ ይነጠፋል። እዚያ ከሞቃቸው ከእናታቸው ሥር አይተኙም። በሣር ቤት ውስጥ ግን የከሰል እሳት ፈጽሞ አይግባ! አንድ ፍንጣሪ መንደር ታቃጥላለች።

ሠ) የጎጆ መሥሪያ። የመውለጃዋ ቀን ሁለት ቀን ሲቀረው ሁለት ሸክም ደረቅ ሣር ወይም ገለባ ይሰጣት። ራሷ ታነጥፈዋለች። ይህ ወጪው ምንም ያህል ነው፤ ጥቅሙ ግን እናቲቱ ተረጋግታ እንድትወልድ ማድረግ ነው። በወሊዱ ሰዓት ሰው አይብዛባት።

ረ) ውሃ። የምታጠባ አሳማ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ውሃ ትጠጣለች፤ አንድ ወይም ሁለት ጀሪካን ማለት ነው። ከቦኖ ተሰልፎ ለሚቀዳ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ አሳማ ለመግዛት ያሰበ ሰው ከገንዘቡ በፊት ጀሪካኑን ይቁጠር። የጠላ ወይም የመሪሳ አተላ ጥሩ ተጨማሪ ምግብ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም፤ ውሃንም አይተካም።

ሰ) ንጽሕና። አሳማ ቆሻሻ ትወዳለች የሚባለው ከማደሪያዋ የመጣ ስም ነው። ቦታ ካገኘች የምትተኛበትንና የምትጸዳዳበትን ራሷ ትለያለች። ወለሉ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ይበል፤ በዚያ በኩል ውሃ መውረጃ ይቆፈር።

አንድ እውነት ግን አንደብቅም። በሰፊ ማደሪያም ቢሆን አንዳንድ ግልገል ይሞታል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት። በእነዚያ ቀናት የቤተሰቡ ሰው ጠዋትና ማታ ማየት፣ ደካማውን ግልገል ጡት ማስያዝ አለበት። በትልቅ ድርጅት ፍርግርጉ የመጣው ለአንድ ሠራተኛ ብዙ እመጫት ስለሚደርሰው ነው። ሁለት አሳማ ላለው ቤተሰብ ግን ጠባቂ ዓይን አለ። ድሃ አርቢ ከትልቁ የሚበልጥበት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው።

6. ለመምህራን፦ በክፍል ውስጥ እንዴት እንጠቀምበት?

በመጀመሪያ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ወለሉ ላይ በጠመኔ ሁለት አራት ማዕዘን አስምሩ። አንዱ 60 ሴ.ሜ በ2 ሜትር፣ ሌላው 2 ሜትር በ3 ሜትር ይሁን። ተማሪዎች ስፋታቸውን ያስሉ፦ 1.2 ካሬ ሜትርና 6 ካሬ ሜትር። ሁለተኛው የመጀመሪያውን 5 እጥፍ ነው። ከዚያ አንድ ተማሪ በትንሹ ውስጥ ገብቶ እጁንም እግሩንም ከመስመሩ ሳያወጣ ለአምስት ደቂቃ በእጁና በጉልበቱ ይቁም። ይዙር በሉት። ሳቁ ካለፈ በኋላ የሚጠይቁት ጥያቄ ከመጽሐፍ የተሻለ ትምህርት ይሆናል።

ቀጥሎ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ የምልከታ ሠንጠረዥ አዘጋጁ። ባለቤቶችን አስፈቅዳችሁ፣ አንዷ የታሰረች፣ አንዷ በማደሪያ ያለች ሁለት እመጫት ምረጡ። ተማሪዎች ራቅ ብለው ተቀምጠው በየ5 ደቂቃው ለአንድ ሰዓት ይመዝግቡ፦ ተኝታለች፣ ቆማለች፣ ቁጢጥ ብላለች፣ ትቆፍራለች፣ ገመድ ወይም እንጨት ታኝካለች፣ ታጠባለች። "ተናዳለች" ወይም "ክፉ ናት" ብሎ መጻፍ አይፈቀድም፤ የታየውን ብቻ ነው። በመጨረሻ ሁለቱን ያነጻጽሩ። በሁለት እንስሳት ብቻ ትልቅ ድምዳሜ ላይ መድረስ እንደማይቻል መንገርም እንዳትረሱ። በሃይማኖቱ ምክንያት መቅረብ የማይፈልግ ተማሪ ካለ እመጫት ፍየል ወይም ዶሮ ከጫጩቶቿ ጋር ይመልከት። ሠንጠረዡ ያው ነው።

ይህ ልምምድ ከአሳማም ያለፈ ጥቅም አለው ብለን እናምናለን። "ተፈጥሮው ነው" እያልን የምናልፈው ስንት ነገር አለ! ክፍል ውስጥ የሚተኛው ልጅ ሰነፍ ከመባሉ በፊት ሌሊት የት እንዳደረ ይጠየቅ። ምልከታ የለመደ ተማሪም ሆነ መምህር ለመፍረድ አይቸኩልም።

ለዛሬው በዚህ እናብቃ። ማደሪያ ሠርቶ የሞከረ ወይም የምልከታ ሠንጠረዡን በክፍሉ የተጠቀመ ካለ ያገኘውን ውጤት በጽሑፍ ቢያደርሰን፣ ስንት ተወልደው ስንት እንዳደጉ በቁጥር ቢነግረን፣ ለሌሎች እናካፍላለን። እስከዚያው በቸር ይግጠመን።